የሃርድዌር ክትትል ድራይቨርና የማራገቢያ ፍጥነት ቁጥጥር

የሃርድዌር ክትትል ድራይቨር ማለት በኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ ያሉትን የሙቀት፣ የቮልቴጅና የማራገቢያ ፍጥነት መለኪያዎች አንብቦ ለስርዓተ ክወናው የሚያቀርብ የሶፍትዌር ክፍል ነው። ብዙዎቹ ድራይቨሮች ከማንበብ አልፈው በተለምዶ «ፋን» የሚባለውን የማራገቢያ ፍጥነት ለመቀየርም ያስችላሉ። ሁለቱ ተግባሮች በአንድ ድራይቨር ቢሠሩም ኃላፊነታቸው ይለያያል። በንባብ ላይ የሚፈጠር ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል፤ በቁጥጥር ላይ የሚፈጠር ስህተት ግን ፕሮሰሰሩን ያለ በቂ አየር ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ የዘርፉ ዋና ጥያቄ ማራገቢያውን የሚያዘው ማን ነው፣ ያዛዡ ሥራ በድንገት ቢቋረጥስ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ለምን ያስፈልጋል

ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ሁሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በፕሮሰሰሩ ላይ ወደተገጠመው የብረት ማቀዝቀዣ ይተላለፋል፤ ማራገቢያው ደግሞ በብረቱ ክንፎች መካከል አየር እየነዳ ሙቀቱን ያስወጣል። ማራገቢያው ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ቢሽከረከር የቁጥጥር ጥያቄ ባልተነሣ ነበር፤ ሆኖም ይህ በድምፅም በኃይልም ውድ ነው። በማራገቢያ ሕጎች መሠረት የሚነዳው አየር መጠን ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል፤ የሚፈጀው ኃይል ግን ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ይመጣጠናል። በመሆኑም ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ አየሩ ወደ ግማሽ፣ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ድምፁም በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ሥራ በማይበዛበት ጊዜ ማራገቢያውን ዝግ ማድረግ የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሴንሰሮቹና ቺፑ

በዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ የክትትሉን ሥራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ «ሱፐር አይ/ኦ» የሚባለው ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ በመጀመሪያ የተሠራው እንደ ፍሎፒ ዲስክ፣ ሲሪያልና ፓራለል ወደብ ያሉትን ዝግተኛ መሣሪያዎች ለማስተናገድ ሲሆን የክትትሉ ክፍል በኋላ ተጨመረበት። ዛሬ በስፋት የሚታዩት የኑቮቶን፣ የአይቲኢና የፊንቴክ ቺፖች ሲሆኑ ሦስቱም የታይዋን ኩባንያዎች ናቸው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ክትትሉ ራሱን በቻለ ቺፕ ይሠራ ነበር። ከእነዚህ መካከል የታወቀው የአሜሪካው ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ያመረተው ኤልኤም78 ነው፤ የሬጅስተሮቹን አቀማመጥ ሌሎች አምራቾችም ተከትለውታል።

የሙቀት መለኪያዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥ ሲሆን ሙቀት ሲለወጥ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚለወጥ ቴርሚስተር ነው። ሁለተኛው በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጣዊ ሴንሰር ሙቀቱን በቀጥታ አይናገርም፤ የሚሰጠው ቁጥር እስከ ገደቡ ስንት ዲግሪ እንደቀረ ነው። ገደቡ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ሴንሰሩ 38 ቢሰጥ ድራይቨሩ ቀንሶ 62 ዲግሪ ብሎ ያቀርባል።

የማራገቢያው ሽቦዎች

ባለ 3 ሽቦ ማራገቢያ አንድ የመሬት፣ አንድ የ12 ቮልት እና አንድ የፍጥነት ምልክት ሽቦ አለው። ፍጥነቱን ለመቀነስ የሚላክለት ቮልቴጅ ዝቅ ይደረጋል። ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ከወረደ ግን ሞተሩ ይቆማል።

ባለ 4 ሽቦው ማራገቢያ 12 ቮልቱን ሳይቀነስ ያገኛል፤ ትእዛዙ የሚመጣው በአራተኛው ሽቦ ነው። በዚህ ሽቦ ላይ የሚላከው ምልክት በፍጥነት እየበራ የሚጠፋ ሲሆን በእያንዳንዱ ዑደት በርቶ የሚቆይበት ድርሻ የፍጥነቱን መጠን ይናገራል። ዘዴው ፒደብልዩኤም ይባላል። ኢንቴል ባወጣው ደረጃ መሠረት የምልክቱ ድግግሞሽ 25 ኪሎኸርዝ ሲሆን ከ21 እስከ 28 ኪሎኸርዝ ያለው ይፈቀዳል። ይህ የሰው ጆሮ ከሚሰማው ወሰን በላይ በመሆኑ ማራገቢያው የሲርታ ድምፅ አያሰማም።

በዚሁ ደረጃ ውስጥ ለደኅንነት የተቀመጠ አንድ መሠረታዊ ሐሳብ አለ። በአራተኛው ሽቦ ላይ ምንም ምልክት ከሌለ፣ ለምሳሌ ሽቦው ቢበጠስ፣ ማራገቢያው በሙሉ ፍጥነት ይሽከረከራል። ትእዛዝ ሲጠፋ ውጤቱ ጫጫታ እንጂ ቃጠሎ እንዳይሆን ታስቦ ነው።

ፍጥነት እንዴት ይቆጠራል

አብዛኞቹ የኮምፒውተር ማራገቢያዎች በአንድ ዙር 2 ምት ይልካሉ። በደቂቃ 1,200 ዙር የሚሽከረከር ማራገቢያ በሰከንድ 20 ዙር፣ ማለትም 40 ምት ይልካል ማለት ነው። ቺፑ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ምቶቹን ሳይሆን በምቶቹ መካከል ያለፈውን ጊዜ ነው።

በኤልኤም78 ውስጥ በሰከንድ 22,500 ጊዜ የሚመታ የውስጥ ሰዓት አለ። ቺፑ ማራገቢያው አንድ ዙር እስኪጨርስ ይህ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደመታ ይቆጥራል፤ ድራይቨሩ ደግሞ 1,350,000ን ለቆጠራው በማካፈል በደቂቃ የሚኖረውን ዙር ያገኛል። ችግሩ ቆጣሪው ባለ 8 ቢት በመሆኑ ከ255 በላይ መቁጠር አለመቻሉ ነው። ማራገቢያው ሲዘገይ አንድ ዙር ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ቆጠራው ይሞላል። ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን ቆጠራው በ1፣ በ2፣ በ4 ወይም በ8 እንዲካፈል ይደረጋል። በደቂቃ 2,400 ዙር የሚሽከረከር ማራገቢያ አካፋዩ 2 ሲሆን 281 የሚያህል ቆጠራ ስለሚፈልግ ቆጣሪው ይሞላና ፍጥነቱ 0 ተብሎ ይታያል። አካፋዩ ወደ 4 ሲቀየር ግን ቆጠራው 140 ገደማ ስለሚሆን ትክክለኛው ፍጥነት ይነበባል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቺፕ ላይ 0 የሚል ንባብ የግድ የቆመ ማራገቢያን አያመለክትም።

ድራይቨሩ በሊኑክስ

በሊኑክስ ዓለም ይህን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተነሣው ኤልኤም-ሴንሰርስ የተባለው ፕሮጀክት ነው። ስሙ የመጣው ኤልኤም78ንና ኤልኤም75ን ከመሳሰሉት ቺፖች ነው። ድራይቨሮቹ በኋላ ወደ ሊኑክስ ከርነል ገብተው ኤችደብልዩሞን የሚባል የራሳቸው ክፍል ሆነዋል።

የዚህ ክፍል ጠቀሜታ የቺፖቹን ልዩነት ከፕሮግራሞች መሸፈኑ ነው። እያንዳንዱ መለኪያ እንደ ትንሽ ፋይል ይቀርባል። ሙቀት በሺኛ ዲግሪ ስለሚጻፍ 47500 ማለት 47.5 ዲግሪ ነው፤ ቮልቴጅ በሺኛ ቮልት፣ የማራገቢያ ፍጥነት ደግሞ በደቂቃ ዙር ይጻፋል። ወደ ማራገቢያው የሚላከው ትእዛዝ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ሲሆን 128 ግማሽ ያህል ማለት ነው። ከትእዛዙ ጎን የቁጥጥሩን ዓይነት የሚወስን ሌላ ፋይል አለ። በእርሱ ውስጥ 0 ቁጥጥር የለም፣ ማለትም ሙሉ ፍጥነት፤ 1 በሶፍትዌር የሚሰጥ ቀጥተኛ ትእዛዝ፤ 2 እና ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ቺፑ ራሱ የሚሠራው አውቶማቲክ ቁጥጥር ነው።

ቁጥሮች የሚያሳስቱበት ምክንያት

ድራይቨሩ ቺፑን ያውቃል፤ ማዘርቦርዱን ግን ሁልጊዜ አያውቅም። አንዱ አምራች በአንድ ማዘርቦርድ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ያገናኘበትን መግቢያ ሌላው ባዶ ሊተወው ይችላል። ምንም ያልተገናኘበት መግቢያ 127 ወይም ከዜሮ በታች 128 ዲግሪ የመሰለ ቁጥር ያሳያል። እንዲህ ያለው ቁጥር ኮምፒውተሩ መቃጠሉን ሳይሆን ሴንሰር አለመኖሩን ነው የሚናገረው።

ቮልቴጅም እንዲሁ ነው። ቺፑ በቀጥታ ሊለካ የሚችለው ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሆነ 12 ቮልቱ በማዘርቦርዱ ላይ ባሉ ሬዚስተሮች ተከፋፍሎ ነው የሚደርሰው። የሬዚስተሮቹ መጠን ካልታወቀ ትክክለኛውን ቮልቴጅ መልሶ ማስላት አይቻልም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤኤምዲ ያወጣቸው ራይዘን 7 1700ኤክስ እና 1800ኤክስ ፕሮሰሰሮች ለማራገቢያ ቁጥጥር የሚያቀርቡት ሙቀት ከእውነተኛው በ20 ዲግሪ ከፍ ያለ ነበር። ኩባንያው ይህን ያደረገው አንድ ዓይነት የማራገቢያ ደንብ ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች እንዲያገለግል ነው። ልዩነቱን የማያውቅ ድራይቨር ግን ፕሮሰሰሩን ከልክ በላይ የጋለ አስመስሎ ያሳያል።

የቁጥጥር ደንብ

በጣም የተለመደው ዘዴ ሙቀትን ከፍጥነት ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ነው። ለምሳሌ ከ40 ዲግሪ በታች 30 በመቶ፣ ከ70 ዲግሪ በላይ 100 በመቶ ተብሎ በመካከሉ ቀጥታ መስመር ከተሰመረ በ55 ዲግሪ ማራገቢያው 65 በመቶ ያገኛል።

ጥሩ ደንብ ሁለት ነገሮችን ከግምት ያስገባል። የመጀመሪያው መወዛወዝ ነው። ሙቀቱ በአንድ ወሰን ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ማራገቢያው በየሰከንዱ እንዳይለዋወጥ፣ ፍጥነቱ የሚቀነሰው ሙቀቱ ከወሰኑ ጥቂት ዲግሪ ከወረደ በኋላ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው የማስነሻ ኃይል ነው። የቆመ ማራገቢያን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ትእዛዝ እየዞረ ያለውን ለማቆየት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ይህ ካልታሰበበት አንዴ የቆመ ማራገቢያ ትእዛዝ እየደረሰው ሳይነሣ ሊቀር ይችላል።

የቦታው ከፍታም ልዩነት ያመጣል። ሙቀቱን የሚወስደው የአየሩ ክብደት እንጂ የዙሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ፣ በተመሳሳይ ሙቀት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያስወጣው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ሠንጠረዥ በደጋ ከፍ ያለ ፍጥነት ሊፈልግ ይችላል።

ያዛዡ ሥራ ሲቋረጥ

አንድ ፕሮግራም ቁጥጥሩን ወደ ቀጥተኛ ትእዛዝ ቀይሮ ለማራገቢያው 60 የሚል ቁጥር ከጻፈ በኋላ ቢዘጋ፣ ቺፑ ፕሮግራሙ መዘጋቱን አያውቅም። ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ፕሮሰሰሩ ምንም ያህል ቢግል 60ውን ይዞ ይቀጥላል። የኤልኤም-ሴንሰርስ ፋንኮንትሮል የተባለው ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ የቀድሞውን ሁኔታ ለመመለስ ይሞክራል። በግድ ከተገደለ ወይም ከርነሉ ከደረቀ ግን ይህን ለማድረግ ዕድል አያገኝም። ከዚህ የተነሣ ሶፍትዌሩ ሠንጠረዡን ብቻ ጽፎ አፈጻጸሙን ለቺፑ አውቶማቲክ ቁጥጥር መተው የተሻለ ደኅንነት አለው።

ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ከመጠን በላይ ሲግሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ኮምፒውተሩን ያጠፉታል። ይህ የመጨረሻ መከላከያ የፕሮሰሰሩን ሕይወት ያተርፋል፤ በድንገት የጠፋ ኮምፒውተር ላይ ያልተቀመጠ ሥራን ግን አያተርፍም።

ሁለት አካላት አንድ ቺፕ ሲነኩ

የሱፐር አይ/ኦ ቺፕን ሬጅስተር ለማንበብ በተለምዶ ሁለት እርምጃ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚፈለገው ሬጅስተር ቁጥር ይጻፋል፤ ቀጥሎ ዋጋው ይነበባል ወይም ይጻፋል። በሁለቱ መካከል የማዘርቦርዱ ፈርምዌር ገብቶ ሌላ ቁጥር ከጻፈ የድራይቨሩ ዋጋ ወደማይገባው ሬጅስተር ይሄዳል። ሊኑክስ ፈርምዌሩ ለራሱ ያስመዘገበውን ቺፕ አንዳንድ ድራይቨሮች እንዳይነኩ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቺፕ መፈለግ ራሱ ጉዳት ያደረሰበት ጊዜ አለ። በኤልኤም-ሴንሰርስ የመጀመሪያ ዓመታት፣ በአንዳንድ የአይቢኤም ቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ ሴንሰር ለማግኘት የተላኩ የፍለጋ ምልክቶች 24አርኤፍ08 የተባለውን የማስታወሻ ቺፕ ይዘት አበላሽተው ኮምፒውተሮቹ እንዳይነሡ አድርገዋል። ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ የአይቢኤም ኮምፒውተር መሆኑን ካወቀ አልጫንም እንዲል ተደርጓል።

በዊንዶውስ በኩል ጥያቄው የመረጃ ደኅንነት ነው። ብዙ የክትትል ፕሮግራሞች ዊንሪንግ0 በተባለ አንድ የጋራ ድራይቨር ይጠቀሙ ነበር። ይህ ድራይቨር ሃርድዌሩን በቀጥታ የመንካት ሥልጣን ስለሚከፍት ተንኮል አዘል ፕሮግራምም ሊገለገልበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ድራይቨሩን አደገኛ ብሎ መለየት በመጀመሩ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ የማራገቢያ መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ታገዱ። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ድራይቨር ሳይጫን ሲቀር ማራገቢያዎቹን የሚያዘው ባዮስ ሲነሣ ያዘጋጀው ደንብ ነው።