ደራሽ ጎርፍ

ደራሽ ጎርፍ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በድንገት የሚመጣ ኃይለኛ የውሃ ሙላት ነው። ቀስ ብሎ ሞልቶ ለቀናት ሜዳ ላይ ከሚተኛው ጎርፍ የሚለየው በፍጥነቱ ነው። እንደ አዋሽ ያለ ትልቅ ወንዝ ሜዳ ላይ ሲሞላ ሰው ከብቱን ነድቶ፣ እህሉን ጭኖ ለመሸሽ ብዙውን ጊዜ ፋታ ያገኛል። ደራሽ ጎርፍ ይህን ፋታ አይሰጥም።

አፈጣጠር

ጎርፉ የሚፈጠረው መሬቱ ሊመጥጠው ከሚችለው በላይ ሲዘንብ ነው። ከተራቆተ ተዳፋት ላይ የወረደው ውሃ በየሸለቆው እየተሰበሰበ ወደ አንድ ወንዝ ይገባል። በከተማ አስፋልትና ጣሪያ ውሃ አያሰርጉም፤ ቱቦዎች በቆሻሻ ሲደፈኑ ደግሞ መንገዱ ራሱ ወንዝ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን፣ ጎርፉ በሚደርስበት ቦታ ጠብታ እንኳ ላይዘንብ እንደሚችል ነው።

የድሬዳዋ ጎርፍ

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለው ሰፊ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከከተማዋ በስተደቡብ ከሚገኘው የሐረርጌ ደጋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2006) ሌሊት፣ በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ነዋሪዎችን በተኙበት ደረሰባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩም ቤት አልባ ሆኑ። ጉዳቱን ካከበዱት ነገሮች አንዱ ሰዓቱ ነበር፤ ቀን ቢሆን ኖሮ ውሃውን አይቶ የሚጮህ ሰው ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር መከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል፤ ግንብ ግን ከታሰበለት መጠን በላይ የሚመጣን ውሃ አይመልስም።

ጥንቃቄ

በደረቅ ወንዝ ውስጥ ወይም ዳር ላለ ሰው ዋናው ምልክት ከላይ በኩል ያለው ሰማይ ነው። ተራራው በጥቁር ደመና ከተሸፈነ፣ ጥርት ያለው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መውረድ ከጀመረ ወይም እንደ ከባድ መኪና የሚጓራ ድምፅ ከተሰማ ጎርፉን በዓይን እስኪያዩ መጠበቅ አያስፈልግም። መውጣት የሚገባው ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ነው። አሸዋውን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ አያዋጣም፤ ውሃው ይቀድማል። ለከብት ወይም ለዕቃ ብሎ መመለስም ሕይወት ያስከፍላል።

ፈጣን ውሃ ጥልቀቱ ቢያንስም አይናቅም። 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኞቹን መኪናዎች ይወስዳል። ባጃጅ ቀላል በመሆኑ ከዚህም ባነሰ ውሃ ሊወሰድ ይችላል። በተጨማሪም የደፈረሰ ውሃ ከሥሩ ያለው መንገድ ተቦርቡሮ እንደሆነ አያሳይም። በውሃ የተወሰደን ሰው ለማዳን ተከትሎ ከመግባት ገመድ ወይም ረጅም እንጨት መወርወር ይሻላል።

ወንዝ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች በክረምት ሌሊት ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ በደጋውም በኩል ሲያስገመግም፣ በተራ ቢነቁ ይመከራል፤ ወደ ከፍታ የሚወስደውን መንገድም ልጆች ጭምር አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው የሚዘጋው ውሃ ቤት ሳይገባ ነው። ውሃ ውስጥ ቆሞ መንካት፣ ወደ ወደቀ ሽቦም መጠጋት ይገድላል።

ውሃው ከጎደለ በኋላ ሌላ ሙላት ሊከተል ስለሚችል ወደ ወንዙ ለመመለስ መቸኮል አይገባም። የጉድጓድና የምንጭ ውሃም ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጋር ሊቀላቀልና ለአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) ሊዳርግ ስለሚችል፣ ሳይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ሳይታከም አይጠጣም።