ብስክሌት ልብን ሲገነባ አጥንትን ማን ይገንባ?

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በሮኪ ተራሮች መካከል የምትገኘው ሌድቪል ከባሕር ጠለል 3,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቆረቆረች የማዕድን ከተማ ናት፤ አዲስ አበባን እንኳ ከ700 ሜትር በላይ ትበልጣታለች። የነዋሪዎቿ መተዳደሪያ የነበረው ትልቁ የማዕድን ማውጫ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲዘጋ፣ የማዕድን ሠራተኛ የነበረው ኬን ክሎበር እንግዳ ወደ ከተማዋ የሚስብ የ100 ማይል ሩጫ አስጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ የተራራ ብስክሌት ውድድር ተጨመረ። ተወዳዳሪዎቹ በነሐሴ ወር በማለዳ ተነሥተው 160 ኪሎ ሜትር ያህል የጠጠርና የድንጋይ መንገድ ይጋልባሉ፤ መንገዳቸውን ሲያጋምሱ ከ3,700 ሜትር በላይ የሚደርሰውን የኮለምባይን አቀበት ይወጣሉ፤ በ12 ሰዓት ውስጥ የጨረሰ የቀበቶ ዘለበት ይሸለማል። ከፊት ከሚመሩት ጥቂት ባለሙያዎች በቀር አብዛኞቹ አማተሮች ናቸው፤ ሥራና ቤተሰብ ይዘው፣ በተረፋቸው ሰዓት ለአንድ ቀን ውድድር ወራት የሚለማመዱ ሰዎች። ውድድሩ ካለፈ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በረዶ ይጥላል፤ የተራራው መንገድ ይሸፈናል፤ ብስክሌተኛው እስከ ጸደይ የሚዘልቁ ብዙ ወራት ይቀሩታል። እነዚያ ወራት ምን ይሠራባቸው?

ብዙዎች የሚሰጡት መልስ ከፍርሃት የሚመነጭ ነው። ዓመቱን ሙሉ የለፉበት ብቃት እንዳያመልጣቸው ብስክሌቱን ሳሎን ውስጥ ማሽን ላይ ያስሩና ክረምቱን በሙሉ ፔዳል ሲመቱ ይከርማሉ። ሩጫ፣ የበረዶ መንሸራተት፣ ተራራ በእግር መውጣት፣ ክብደት ማንሳት፣ ቅርጫት ኳስ የመሳሰሉት ለእነርሱ ወይ ጊዜ ማሳለፊያ ናቸው ወይ ስንፍና። ይህ አስተሳሰብ ስለ ሰውነታችን የምናውቀውን ግማሹን ብቻ የሚያይ ይመስለኛል። ልብን፣ ሳንባንና ጡንቻን አይቶ አጥንትን ይረሳል። ብስክሌት ከተፈጥሮው የተነሣ ለአጥንት የሚያስፈልገውን መስጠት አይችልም፤ ስለዚህ ከውድድር ውጭ ያሉት ወራትና በእነርሱ ውስጥ የሚዘወተሩት ሌሎች እንቅስቃሴዎች የሥልጠናው አካል ሆነው መቆጠር አለባቸው።

ነገሩን ለመረዳት አጥንት ሕይወት ያለው አካል መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ውስጡ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ሳያቋርጡ ይሠራሉ፤ ኦስቲዮክላስት የሚባሉት ያረጀውን አጥንት ያፈርሳሉ፣ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት በቦታው አዲስ ይገነባሉ፤ አሮጌ ልስን እንደሚያራግፍና ከኋላው እየተከተለ አዲስ እንደሚለስን ግንበኛ። የትኛው ሥራ እንዲያይል የሚያዝዙት በአጥንቱ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩት ኦስቲዮሳይቶች ናቸው። አጥንት ጫና ሲያርፍበት በጥቂቱ ይለጠጣል ወይም ይታመቃል፤ በውስጡ ባሉት እጅግ ቀጫጭን ቦዮች ያለው ፈሳሽም ይንቀሳቀሳል፤ ኦስቲዮሳይቶቹ ያንን እንቅስቃሴ ይሰማሉ። ጫናው በርትቶና ፈጥኖ ሲመጣ ግንባታው እንዲጨምር መልእክት ያስተላልፋሉ፤ ሲጠፋ ደግሞ የማፍረሱ ሥራ ይበረታል። አጥንት እንደ ተሸከመው ጫና ራሱን እንደሚያስተካክል ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማስረጃው በብዙ አቅጣጫ ተጠናክሯል። የሜዳ ቴኒስ ተጫዋቾች ራኬት የሚይዙበት ክንድ አጥንት ከሌላኛው ክንዳቸው ይወፍራል። ክብደት አልባ በሆነው ጠፈር የሚሰነብቱ ጠፈርተኞች ደግሞ ከዳሌ አጥንታቸው ጥግግት በየወሩ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያጣሉ።

በዚህ መስክ ከተደረጉት ሙከራዎች ለብስክሌተኛ ትልቅ ትምህርት ያለው በ1984 ክሊንተን ሩቢንና ላንስ ላንዮን ያሳተሙት ነው። ተመራማሪዎቹ የአውራ ዶሮዎችን የክንፍ አጥንት ከተለመደው እንቅስቃሴ ነጥለው በየቀኑ የተለካ ጫና አሳረፉበት። በቀን 4 ጊዜ ብቻ መጫን አጥንቱ እንዳይሳሳ በቂ ሆኖ ተገኘ፤ 36 ጊዜ መጫን አዲስ አጥንት አስገነባ፤ ቁጥሩ 1,800 ሲደርስ ግን ተጨማሪ ጥቅም አልታየም። የአጥንት ሕዋሳት ጥሪውን ቶሎ ይሰማሉ፣ ቶሎም ይለምዱታል። ለአጥንት ከብዛቱ ይልቅ የጫናው ኃይልና ፍጥነት ይበልጣል ማለት ነው።

አሁን ብስክሌትን በዚህ መለኪያ እንየው። በደቂቃ 90 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ጋላቢ በአንድ ሰዓት 5,400 ጊዜ ያዞራል። ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ነገር ግን እግሩ ከፔዳሉ ሳይለቅ በለስላሳ ዙር ስለሚሄድ ድንገት የሚያርፍ ጫና የለም፤ የሰውነቱንም ክብደት አብዛኛውን ኮርቻው ይሸከምለታል። ብስክሌት ለጉልበት ሕመምተኞች የሚመከረው በዚህ ጠባዩ ነው፤ አጥንትን የሚጎዳውም ይኸው ጠባዩ ነው። በ2008 በታተመ ጥናት በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወንድ የጎዳና ብስክሌተኞችንና ሯጮችን አነጻጽረው ነበር፤ ከብስክሌተኞቹ 63 በመቶ የሚሆኑት በአከርካሪያቸው ወይም በዳሌያቸው ላይ ከመደበኛው ያነሰ የአጥንት ጥግግት ሲገኝባቸው፣ ከሯጮቹ ይህ የታየባቸው 19 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ተወዳዳሪ ብስክሌተኞችን አንድ ዓመት ተከታትሎ የዳሌ አጥንታቸው ጥግግት በዓመቱ ውስጥ መቀነሱን አሳይቷል፤ ተጨማሪ ካልሲየም መውሰዳቸውም መቀነሱን አላስቀረውም። ረጅም ሰዓት ሲጋለብ ካልሲየም በላብ መውጣቱና የሚበላው ምግብ ከሚቃጠለው ጉልበት ማነሱ ጉዳቱን ሊያባብሱት እንደሚችሉ ይታመናል። የሚያስገርመው እነዚህ ሰዎች በልብና በሳንባ ብቃታቸው ከሕዝቡ ሁሉ የላቁ መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ የተራራ ብስክሌት ወዳጆች ተገቢ ጥያቄ ያነሣሉ። የተጠቀሱት ጥናቶች በለስላሳ አስፋልት ላይ ስለሚጋልቡ ሰዎች ናቸው፤ የተራራው ጋላቢ ግን በድንጋይና በዛፍ ሥር ላይ ይዘላል፣ ቁልቁለቱን ከኮርቻው ተነሥቶ ይወርዳል፣ መሪው እጁንና ትከሻውን ይንጠዋል፤ ታዲያ ይህ ለአጥንት አይበቃም? ጥያቄው መሠረት አለው። በ2002 የታተመ ጥናት ተወዳዳሪ የተራራ ብስክሌተኞችን ከጎዳና ብስክሌተኞች ጋር ሲያነጻጽር፣ የሰውነት ክብደት ግምት ውስጥ ገብቶ የተራራዎቹ የአጥንት ጥግግት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ግኝት ግን ክርክሬን የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም፤ ልዩነቱን ሊያብራራ የሚችለው ንዝረቱና ግጭቱ ነውና። ደግሞም በአንድ ወቅት የተደረገ ንጽጽር መንስኤና ውጤትን ለይቶ አያረጋግጥም፤ ከመጀመሪያው ጠንካራ አጥንት ያላቸው ሰዎች ተራራውን መርጠው ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ አማተሩ የሚጋልበው ሁልጊዜ በድንጋይ ላይ አይደለም። በሥራ ቀናት የሚለማመደው በአስፋልት ላይ ሊሆን ይችላል፤ በክረምት ሳሎን ውስጥ ማሽን ላይ ሲወጣ ደግሞ ያቺ ጠቃሚ ንዝረት ጨርሳ ትጠፋለች። ክረምቱን በማሽን ላይ የሚያሳልፍ የተራራ ብስክሌተኛ ስፖርቱ ለአጥንት ካለው በጎ ነገር ራሱን ያራቀ ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ብቃት መቀነስ ነው፤ ይህም እውነት አለው። በ1984 ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ ለዓመታት የሠለጠኑ ስፖርተኞችን ልምምድ አስቁመው ሲለኩ፣ ሰውነታቸው በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን በ21 ቀናት ውስጥ 7 በመቶ ወረደ፤ በ56ኛው ቀን ደግሞ ቅናሹ 16 በመቶ ደርሶ በዚያው ረጋ። መጀመሪያ የሚቀንሰው በአብዛኛው የደም ፕላዝማ ነው፤ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም የሚያንሰውም በዚሁ ነው። ሆኖም በዚህ ጥናት የተለካው ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው ግን እየተንቀሳቀሰ ስለሚከርም ሰው ነው። የሮበርት ሂክሰን ሙከራዎች ለዚህ መልስ ይሰጣሉ። በሳምንት 6 ቀን የሠለጠኑ ሰዎች ልምምዳቸውን ወደ 2 ቀን ሲቀንሱ፣ የልምምዱ ብርታት እስካልላላ ድረስ የኦክስጅን አቅማቸውን ለ15 ሳምንታት ጠብቀው ቆይተዋል፤ ብርታቱ ሲላላ ግን አቅሙም ወርዷል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቤንት ሮንስታድም ከውድድር ወቅት በኋላ ባሉት 8 ሳምንታት ውስጥ በየ7 እስከ 10 ቀኑ አንድ ብርቱ ልምምድ ብቻ የጨመሩ ብስክሌተኞች፣ በዝግታ ብቻ ከጋለቡት ይልቅ ብቃታቸውን ጠብቀው ወደ ቀጣዩ ወቅት እንደገቡ አሳይቷል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት አጭርና ብርቱ ግልቢያ ሞተሩን ያቆያል፤ የቀሩት ቀናት ለሌላ ነገር ነጻ ናቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ብስክሌተኛ የሚሻሻለው ብስክሌት በመንዳት ነው የሚለው ነው። በውድድር ወቅት ይህ ትክክል ነው፤ በተራራ ብስክሌት ውድድር ላይ የልብ ምት በአማካይ ከከፍተኛው 90 በመቶ አካባቢ እንደሚቆይ ተለክቷል፤ ያንን የሚያስችል ብቃት በቅርጫት ኳስ ብቻ አይገኝም። የስፖርቱ ታሪክ ግን ልዩነት ብቃትን እንደማይገድል ይመሰክራል። በ1990 በኮሎራዶዋ ዱራንጎ ከተማ በተካሄደው የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም የተራራ ብስክሌት ሻምፒዮና የአገር አቋራጩን ውድድር ያሸነፈው ኔድ ኦቨረንድ፣ በኋላ ዋናን፣ የተራራ ብስክሌትንና ሩጫን በሚያጣምረው የኤክስቴራ ውድድር በ1998 እና በ1999 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2015 ደግሞ በ59 ዓመቱ በበረዶ ላይ በሚካሄደው የወፍራም ጎማ ብስክሌት የአሜሪካ ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸንፏል። በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒክ የተራራ ብስክሌት ወርቅ ያጠለቀው እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ ክረምቱን በሳይክሎክሮስ ሲወዳደር ኖሯል፤ በዚያ ውድድር ጋላቢው ጭቃና መሰናክል ሲያጋጥመው ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሮጣል። የሁለት ሰዎች ታሪክ ሕግ አይሆንም። ነገር ግን ከከባድ ክብደት ማንሳት ጋር ልምምዳቸውን ያጣመሩ ብስክሌተኞች አፈጻጸማቸው እንደሚሻሻል የሮንስታድ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል፤ ለአጥንት የሚጠቅመው ለፔዳልም ጠቅሟል።

አራተኛው ተቃውሞ እጅግ ከባዱ ነው፤ ሩጫና ዝላይ ጉዳት ያመጣሉ ይላል። አደጋው አለ። የብስክሌተኛ ልብ ሁለት ሰዓት መሮጥ ይችላል፤ ጅማቱና የቅልጥሙ አጥንት ግን ያንን አልለመዱም፤ ልቡን ተከትሎ የሚሮጥ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሊጎዳ ይችላል። መፍትሔው ያው የዶሮዎቹ ሙከራ ላይ ነው፤ አጥንት ብዙ አይጠይቅም። በሳምንት ጥቂት ቀን የሚዘለል ጥቂት ደርዘን ዝላይ፣ ቀስ እያለ የሚረዝም አጭር ሩጫ፣ ወይም ቶሎ ቶሎ አቅጣጫ የሚያስለውጥ የኳስ ጨዋታ በቂ መነሻ ነው። አሌክሳንደር ሮብሊንግና ቻርልስ ተርነር በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ በቀን 360 ጫና በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ ይልቅ በ90 ተከፍሎ በአራት ጊዜ ሲሰጥ አጥንቱ ይበልጥ ጠንክሯል፤ ዕረፍት ሕዋሳቱ እንደገና እንዲሰሙ ያደርጋቸዋል። ዋና ግን እዚህ አይረዳም፤ ውኃም እንደ ኮርቻ ክብደትን ይሸከማልና። ለስለስ ያለ የእግር ጉዞም ብዙ ለውጥ አያመጣም። አጥንቱ መሳሳቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ደግሞ ዝላይ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ለተራራ ብስክሌተኛ ከማንም ይበልጥ አስፈላጊ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ ይወድቃል። መውደቅ የስፖርቱ አካል ነው፤ ያ ሰው ሲወድቅ የሚቀበለው መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው። አጥንት ከፍተኛ ጥግግቱን የሚይዘው በሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ያለውን መጠበቅ ነው፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ከማረጥ በኋላ መሳሳቱ ይፈጥናል። በ40 እና በ50 ዓመቱ የሚወዳደር አማተር ልቡ የወጣት፣ አጥንቱ ግን የሽማግሌ ሆኖ ቢገኝ የልፋቱን ግማሽ አጥቷል። አንድ የአጥንት እድሳት ዑደት ለመጠናቀቅ ወራት ይፈልጋል፤ በረዶው የተራራውን መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ወራት ነው። ስለዚህ አማተሩ የዓመት ዕቅዱን ሲያወጣ ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ የግልቢያ ሰዓቱን ብቻ አይደልድል፤ አስቀድሞ ለሩጫው፣ ለክብደቱና ለጨዋታው ወራቱን ይመድብ፤ ግልቢያውንም በቀረው ላይ ያቅድ።