«መጀመሪያ ቀን ካላስፈራራሻቸው…» እና ሌሎች የስታፍ ተረቶች

ከሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመርቃ ሾኔ ወይም ዱራሜ የተመደበች አዲስ መምህርት ጠመኔ ከመያዟ በፊት ምክር ይጎርፍላታል። ስታፍ ውስጥ ሻይ እየተጠጣ የሚሰጠው ይህ ምክር በክፋት የሚሰጥ አይደለም። ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያወራው ልጁ ካጠፋ በኋላ ስለሚደረገው ነገር ነው።

ተረት፦ መጀመሪያ ቀን ካላስፈራራሻቸው አናትሽ ላይ ይወጣሉ።

እውነታ፦ ጃኮብ ኩኒን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በቪዲዮ የተቀረጹ ክፍሎችን መርምሮ ውጤቱን በ1970 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። የተረጋጋውን ክፍል ከሚረበሸው የሚለየው መምህሩ ጥፋተኛውን የሚገሥጽበት መንገድ አልነበረም። ልዩነቱ የተገኘው ከጥፋቱ በፊት ነው፤ ክፍላቸው የተረጋጋ መምህራን ሁሉንም ጥግ እንደሚያዩ ልጆቹ ያውቃሉ፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲያሸጋግሩም ልጅ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ክፍተት አይተዉም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሠራ የሚገባው ሥራ የክፍል አገባብን፣ ደብተር አወጣጥን፣ ሽንት ቤት ፈቃድ መጠየቅን፣ ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ምን እንደሚሠራ ማስተማር ነው። «በሥርዓት ግቡ» ብሎ መጮህ ማስተማር አይደለም። መምህርቷ ራሷ ቦርሳ አንግታ ከበሩ ትግባ፤ ዴስክ ጋ ሄዳ ቦርሳውን ከሥር ታስቀምጥ፤ ደብተር አውጥታ ትቀመጥ። ከዚያ አንድ ዴስክ ልጆች ይድገሙት፣ ቀጥሎ አንድ ረድፍ። የተዝረከረከው ረድፍ ያለ ቁጣ ወጥቶ እንደገና ይገባል። ትንንሾቹ እንደ ጨዋታ ስለሚያዩት «ቲቸር እኛም!» ይላሉ።

በሀዲያና ከምባታ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ትምህርት በመስከረም ተጀምሮ ገና ሳይደላደል መስቀል ይደርሳል፦ ለሀዲያው ያሆዴ፣ ለከምባታው መሳላ። ልጁ ገጠር አያቶቹ ጋ ሄዶ አተካናውን በልቶ፣ ከዘመድ ልጆች ጋር ሲሯሯጥ ሰንብቶ ይመለሳል። ያን ሁሉ የበር አገባብ ረስቶት ቢመጣ ምን ያስገርማል? ከበዓል መልስ አንድ ሁለት ቀን ሁሉንም ከሀ መጀመር ግድ ነው። «ባለፈው ነግሬያችሁ አልነበረም?» የሚለው ቁጣ ያንኑ ጊዜ ይበላል፣ ምንም አያስተምርም።

ተረት፦ አርጩሜ የሌለው መምህር አይፈራም።

እውነታ፦ አይፈራ ይሆናል። ነገር ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚቀጣ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ማንበርከክና ጆሮ መቆንጠጥም ያው የአካል ቅጣት ናቸው። ከሕጉ ሌላ የአሠራር ጉዳይም አለ፤ አርጩሜ የሚሠራው መምህርቷ ፊቷን ወደ ልጆቹ እስካዞረች ድረስ ነው። ወደ ሰሌዳው ዞራ መጻፍ ስትጀምር ፍርሃቱም አብሮ ይዞራል።

የአርጩሜ ታናሽ ወንድም የረባሾች ስም ዝርዝር ነው። መምህርቷ ወጣ ስትል የክፍሉ አለቃ ከደብተሩ መሃል አንድ ቅጠል ገንጥሎ ስም ይጽፋል። ቂም ያለበት ልጅ መጀመሪያ ይሰፍራል፣ ዳቦ ያካፈለው ይፋቃል፣ የለመነ በላዩ ይሰረዝለታል። ስትመለስ የምትቀበለው ወረቀት የጥፋት መዝገብ ሳይሆን የአለቃው የወዳጅና የጠላት መዝገብ ነው። በእኔ ግምት ከትምህርት ቤት ልማዶቻችን ሁሉ ቶሎ መቅረት ያለበት ይሄ ነው። አለቃ ሥራ አይጣ፤ ጠመኔ ያምጣ፣ ደብተር ይሰብስብ፣ ሰሌዳ ያጥፋ፣ ያውም በየሳምንቱ እየተቀያየረ። ዳኝነት ግን አይሰጠው።

«ሰባ ልጅ ይዞ ምን ሥርዓት አለ?» የሚለው ቅሬታ ግማሹ እውነት ነው። የአገሪቱ መለኪያ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢሆንም ከዚያ የሚያልፈው ብዙ ነው። ግን ቁጥሩ ሲበዛ የተለመደ አሠራር ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም። ሂሳቡን እንሥራው፦ የ70 ልጆችን ደብተር ስም እየጠሩ ማደል፣ ለአንዱ 5 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ወደ 6 ደቂቃ ይወስዳል። ጠርቶ መሰብሰቡ ሌላ 6። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 12ቱ ሄደ። በዴስክ ተደርድሮ ከኋላ ወደ ፊት እየተቀባበሉ ቢሰበሰብ፣ በዚያው ተራ ቢታደል፣ አብዛኛው ጊዜ ይተርፋል።

«ወላጅህን ይዘህ ና» የምትለዋ ደግሞ እዚህ አካባቢ ብዙ አታስኬድም። የስንቱ ልጅ አባት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እናት በገበያ ቀን አትገኝም፤ የምትመጣው አያት ናት። አያትን ደግሞ ለክስ ብቻ መጥራት ነውር ነው። ልጁ ደህና በሠራበት ቀን አንድ ጊዜ ሰላም ብሎ መተዋወቅ፣ ኋላ ችግር ሲመጣ ንግግሩን ያቀለዋል።

ተረት፦ ዝም ያለ ክፍል ገብቶታል።

እውነታ፦ ቤቱ ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ የሚነገርበት ልጅ የአማርኛውን ትእዛዝ ሳይረዳው ዝም ሊል ይችላል። በላቲን የሚጻፈውን የአፍ መፍቻ ቋንቋውን፣ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈውን አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን የሚማር ልጅ ነው። «ገባችሁ?» ቢባል «አዎ ቲቸር!» ማለቱ አይቀርም። ትእዛዙን በገዛ ቋንቋው አንድ ልጅ ለጓደኞቹ እንዲደግመው ማድረግ ያን «አዎ» ይፈትሻል። ሌላው መጠበቅ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ መልሱ ይረዝማል፣ የሚመልሰውም ልጅ ይበዛል። ጠይቃ በልቧ እስከ ሦስት ትቁጠር፤ ጣቱን እያወዛወዘ «እኔ! እኔ!» ከሚለው ሌላ፣ ጥግ ያለው ልጅም እጁን ማንሻ ጊዜ ያገኛል።