በውኃ ግፊት የሚሠራ የክሎሪን ዶዚንግ ፓምፕ፦ ብልሽቱን መለየትና መጠገን

ከምንጭ ተጎልብተው በስበት ኃይል ለኅብረተሰቡ የሚደርሱ የገጠር መጠጥ ውኃ ተቋማት ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ሥፍራ ይገኛሉ። በእንዲህ ያሉ ተቋማት ውኃውን በክሎሪን ለማከም ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ በራሱ በውኃው ግፊት የሚንቀሳቀሰው ዶዚንግ ፓምፕ ነው። መሣሪያው ነዳጅም ሆነ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሆኖም ሲበላሽ ውኃው አይቋረጥም፤ መልኩም አይለወጥም። በቦኖው የሚወርደው ውኃ እንደወትሮው ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ ክሎሪን የሌለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የፓምፑን ብልሽት በወቅቱ መለየት የጥገና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይም ነው።

ይህ ጽሑፍ ለውኃ ኮሚቴ አባላት፣ ለተቋም ተንከባካቢዎች እና ለውኃው ተጠቃሚዎች መሠረታዊ ማብራሪያ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

የፓምፑ አሠራር

ፓምፑ ወደ ማጠራቀሚያ በሚወስደው መስመር ላይ ይገጠማል። ውኃው ወደ ፓምፑ ሲገባ በውስጡ ያለውን ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ፒስተኑ አቅጣጫውን በቀየረ ቁጥር “ቀጭ” የሚል ድምፅ ይሰማል። ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ዘንግ በእያንዳንዱ ምልልስ ከበርሜሉ የተወሰነ መጠን ያለው የክሎሪን ውህድ በመሳብ ከሚያልፈው ውኃ ጋር ያደባልቃል። የመጠኑ ልክ በፓምፑ የታችኛው ክፍል ባለው ቀለበት አማካይነት በመቶኛ ይስተካከላል። የውኃው ፍሰት ሲቀንስ የሚሳበው ውህድ አብሮ ስለሚቀንስ፣ ፓምፑ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ የክሎሪኑ መጠን ሳይዛባ ይቆያል።

ብልሽት መኖሩን ማረጋገጥ

የ“ቀጭታ” ድምፅ መሰማቱ ብቻውን ፓምፑ ክሎሪን እየጨመረ መሆኑን አያረጋግጥም። አስተማማኙ መንገድ ቆጣሪውንና በርሜሉን ማነጻጸር ነው።

ለምሳሌ ፓምፑ በ0.5 በመቶ ላይ ቢስተካከልና በእያንዳንዱ ሊትር ውኃ ውስጥ 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲጨመር ቢፈለግ፣ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ውህድ በሊትር 400 ሚሊ ግራም ክሎሪን ሊኖረው ይገባል። 100 ሊትር ውህድ ለማዘጋጀት 40 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ ይህም 65 በመቶ ጥንካሬ ካለው የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት 62 ግራም ያህል ነው። ይህ በርሜል 20 ሜትር ኩብ ውኃ ያክማል። በመሆኑም ቆጣሪው 1 ሜትር ኩብ በቆጠረ ቁጥር ከበርሜሉ 5 ሊትር ሊቀንስ ይገባል። ከዚህ በግልጽ ያነሰ ከሆነ፣ ፓምፑ ድምፅ ቢያሰማም ተበላሽቷል ማለት ነው። የሚፈለገው የክሎሪን መጠን እንደ ውኃው ጥራት ስለሚለያይ በተቋሙ የተወሰነውን ልክ መከተል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ማረጋገጫ በውኃው ውስጥ የቀረውን ክሎሪን መለካት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ክሎሪኑ ከውኃው ጋር ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም እና ከዚያ በላይ ነፃ ክሎሪን ሊቀር ይገባል፤ ውኃው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ቦታ ደግሞ ከ0.2 ሚሊ ግራም ማነስ የለበትም። ከ5 ሚሊ ግራም በላይ መሆንም አይገባውም።

ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት

በመጀመሪያ የመሳቢያው ቱቦ ከበርሜሉ ወጥቶ በንጹሕ ውኃ ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ፓምፑም ለጥቂት ደቂቃዎች ንጹሕ ውኃ እንዲስብ በማድረግ በውስጡ የቀረው ክሎሪን ይታጠባል። ቀጥሎ ከፓምፑ በፊትና በኋላ ያሉት ቫልቮች ይዘጋሉ፤ የታመቀው ግፊትም ይለቀቃል። ፓምፑ መሳብ ያቆመ ከሆነ የተፈቱት ክፍሎች ወዲያውኑ በብዙ ውኃ መለቅለቅ አለባቸው።

በሥራው ወቅት የእጅ ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ ግዴታ ነው። ክሎሪን ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር፣ ኮምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ በሚገባ ታጥበው ክሎሪን ባልቀረባቸው ክፍሎች ላይ ብቻ ይውላል። የክሎሪን ዱቄት ከዘይት፣ ከግሪስና ከነዳጅ ጋር ሲገናኝ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ጎሚኒዎችን ለማለስለስ ግሪስ መጠቀም የተከለከለ ነው፤ ለዚሁ የሚፈቀደው የሲሊኮን ቅባት ብቻ ነው።

የተለመዱ ብልሽቶችና መፍትሔያቸው

1. ፓምፑ ድምፅ አያሰማም። በቅድሚያ ቫልቮቹ መከፈታቸውና ውኃው በማለፊያ መስመሩ በኩል እየሄደ አለመሆኑ ይረጋገጣል። ከፓምፑ በፊት ያለው ማጣሪያ በደለል ተዘግቶ ከሆነ ይታጠባል። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ድምፅ ከሌለ በፓምፑ ራስ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ተጭኖ የታመቀው አየር እንዲወጣ ይደረጋል። ከዚህ በኋላም ካልሠራ የላይኛው ክዳን ተከፍቶ ፒስተኑ በአሸዋ መያዙ፣ መሰንጠቁ ወይም መስበሩ ይታያል። የታጠበ ፒስተን ዳግም ሊሠራ ይችላል፤ የተሰነጠቀው ግን መለወጥ አለበት።

2. ድምፅ አለ፤ ውህዱ ግን አይሳብም። ይህ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ብልሽት ነው፤ ለጆሮ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላልና። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከፓምፑ በታች ነው። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ከውህዱ በላይ መቅረቱ፣ የጫፉ ማጣሪያ በዝቃጭ መዘጋቱ፣ ቱቦው መሰንጠቁ ወይም ማሰሪያው መላላቱ በቅደም ተከተል ይፈተሻል። በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ መታየቱ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩን ያመለክታል። ቱቦው ደኅና ከሆነ የመሳቢያው ዘንግ ጎሚኒ አርጅቷል ወይም ቦታውን ለቋል፤ በአዲስ ይለወጣል።

3. ውኃ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። የበርሜሉ ውህድ በመቀነስ ፈንታ የሚጨምር ከሆነ፣ መላሽ ውኃን የሚያግደው የመሳቢያ ቫልቭ ቆሽሿል ወይም አርጅቷል። ቫልቩ ተፈትቶ ይታጠባል፤ ጎሚኒው የተበላ ከሆነ ይለወጣል። በርሜሉ ውስጥ የቀረው ውህድ ስለቀጠነ ሌላ መዘጋጀት ይኖርበታል።

4. ክሎሪኑ ከሚገባው በታች ነው። የማለፊያ መስመሩ ቫልቭ በሚገባ ካልተዘጋ የውኃው ከፊል ሳይታከም ያልፋል። ፍሰቱ በፓምፑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ሲበልጥም መጠኑ ይዛባል። የክሎሪን ዱቄቱ ለረዥም ጊዜ ወይም በእርጥበት ቦታ ተቀምጦ ከሆነ ጥንካሬው ስለሚቀንስ፣ ጥፋቱ ከፓምፑ ላይሆን ይችላል።

5. ፓምፑ ያንጠባጥባል። በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያሉት ክብ ጎሚኒዎች ይፈተሻሉ። የፕላስቲክ ክፍሎችን በመፍቻ አጥብቆ ማሰር ስለሚሰነጥቃቸው በእጅ ብቻ ይጠበቃሉ።

ብልሽት እንዳይደጋገም

ለአብዛኛው መዘጋት ምክንያት የሆነው ከካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ በተለየ ዕቃ በውኃ ይሟሟል፤ ዝቃጩ እስኪያርፍ ይጠበቅና ከላይ የጠለለው ብቻ ወደ በርሜሉ ይገለበጣል። ሁልጊዜም ዱቄቱ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በዱቄቱ ላይ አይፈስም። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍም ከበርሜሉ ወለል ከፍ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ጎሚኒዎች በጊዜ የሚያልቁ ክፍሎች በመሆናቸው ኮሚቴው አንድ ሙሉ መለዋወጫ አስቀድሞ ይዞ መገኘቱ ተቋሙን ለረዥም ጊዜ ያለ ክሎሪን ከመቅረት ያድነዋል።

ጥገናው እስኪጠናቀቅ

ፓምፑ ተፈትቶ ውኃው በማለፊያ መስመር በሚሄድበት ጊዜ ኮሚቴው ለተጠቃሚዎች ወዲያውኑ ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ይህን መደበቅ በሕፃናትና በአረጋውያን ሕይወት ላይ አደጋ መጋበዝ ነው። እስከዚያው እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚጠጣውን ውኃ ማፍላት ይኖርበታል። ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ ለ3 ደቂቃ መፍላት ይገባዋል። ለቤት ውስጥ ውኃ ማከሚያ የተዘጋጁ መድኃኒቶችም በማሸጊያቸው ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ጥገናው ሲጠናቀቅ ፓምፑ በቆጣሪና በበርሜል ንጽጽር ዳግም ይፈተሻል፤ በቦኖውም የቀረው ክሎሪን ይለካል። ሁለቱም ትክክል ሆነው ሳይገኙ ውኃው ታክሟል ተብሎ መነገር የለበትም።

ከኮሚቴው አቅም በላይ የሆነ ብልሽት ሲያጋጥም ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። በማመልከቻው ላይ የፓምፑ ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ የተስተካከለበት መቶኛ፣ የታየው የብልሽት ምልክት፣ ክሎሪን መጨመር ያቆመበት ቀን እና የቆጣሪው ንባብ ቢገለጽ ባለሙያው ተገቢውን መለዋወጫ ይዞ እንዲመጣ ያስችላል። ተጠቃሚዎችም የተቅማጥ ሕመም በአካባቢያቸው መበራከቱን ካስተዋሉ ለኮሚቴውና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሳይዘገዩ ማሳወቅ ይገባቸዋል።