የዓሣ ጫጩት ጠላቱን ስለ ማወቁ

ብዙው ዓሣ ዕንቍላሉን ጥሎ ይሄዳልና ጫጩቱን የሚያስተምር እናት የለም። እንግዲህ ሊውጠው የሚመጣውን በምን ያውቀዋል? ለዚህ ምርመራ መንገድ የከፈቱት የኦስትርያው ተወላጅ ሊቅ ካርል ፎን ፍሪሽ ናቸው፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. የአንዲት ትንሽ የወንዝ ዓሣ ቆዳ በቈሰለ ጊዜ ከቍስሉ የሚወጣው ነገር በውሃው ተሰራጭቶ፥ ወገኖቿ ሲያሸቱት ደንግጠው እንደሚሸሹ ገለጹ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት መርማሪዎች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አገኙ። ጠላቱን ከቶ አይቶ የማያውቅ ዓሣ የቍስሉን ሽታና የጠላቱን ሽታ አንድ ጊዜ ብቻ ባንድነት ቢያሸት፥ ከዚያ ወዲያ የጠላቱ ሽታ ብቻውን ሲደርሰው ይሸሻል። ማየት እንኳ አያስፈልገውም።

ይህ ለጨዋታ የሚሆን ዕውቀት አይደለም። በሰው እጅ ተረብተው ወደ ወንዝ የሚለቀቁ የሳልሞን ጫጩቶች ጠላት በሌለበት ሥፍራ ቀለብ እየተሰፈረላቸው ስላደጉ፥ ብዙዎቹ ወዲያው የትልልቅ ዓሦችና የወፎች ምግብ ይሆናሉ። በእኛ አሳብ፥ በተለቀቁት ቍጥር ብቻ መመካት ወጪውን ከነድካሙ ወደ ውሃ መጣል ነው። ስለዚህ ከመለቀቃቸው አስቀድሞ ሁለቱን ሽታ በገንዳቸው ውስጥ ጨምሮ ማስተማር ተሞክሯል፤ በገንዳ መልካም ፍሬ ቢታይበትም፥ በወንዝ ግን አንዳንዱ ሙከራ ሲቀና አንዳንዱ አልቀናም።