የሸርቆሌ ላይብረሪያን የት ይሠልጥን?

የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ለሥራው በሠለጠነ ሰው እጅ አይደለም። የክፍለ ጊዜ ድርሻው ያነሰ መምህር፣ ጤናው ከጠመኔ አቧራ ያልተስማማ መምህር ወይም ከጽሕፈት ቤት የተዛወረ ሠራተኛ ቁልፉን ይረከባል፤ የንብረት ዝርዝሩ ላይ ይፈርማል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ላይብረሪያን ይባላል። የፈረመበት መጽሐፍ ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነውና የመጀመሪያ ጭንቀቱ ማስነበብ ሳይሆን መጠበቅ ይሆናል። ቁም ሣጥኑ ተቆልፎ፣ መጽሐፉም አዲስ እንደሆነ የሚያረጅባቸው ቤተ መጻሕፍት የሚፈጠሩት በሠራተኛው ስንፍና ብቻ አይደለም። ከመጠበቅ ያለፈውን ሥራ ማንም አላሳየውም።

በሸርቆሌ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ወረዳው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አሶሳ ዞን ከሱዳን ጋር የሚዋሰን ነው፤ ከአሶሳ በሆሞሻ አድርጎ ወደ ኩርሙክ የሚወስደው መንገድ ወደዚያው ያመራል። ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1997 የሰፈሩበት የሸርቆሌ መጠለያ በክልሉ ካሉት አንጋፋው ነው። አሶሳ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በወለጋ በኩል ያለው መንገድ በጸጥታ ችግር በሚቋረጥበት ጊዜ ያለው አማራጭ አውሮፕላን ነው። ለአምስት ቀን ሥልጠና አንድ ሰው ወደ ዋና ከተማ መላክ ትኬትና ውሎ አበል ይጠይቃል፤ በጀት ሲያንስ ከዝርዝሩ ቀድሞ የሚሰረዘውም የላይብረሪያኑ ስም ነው።

ሙያው በአገሪቱ ሥር የሰደደው ከላይ ወደ ታች ነበር። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሕዝቡ ወመዘክር የሚለው፣ በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። የሙያ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመሠረተ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት መሰጠት ጀመረ፤ የወደፊት መምህራን ከዋናው ትምህርታቸው ጎን የሚወስዱት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት የመሩት ሪታ ፓንክኸርስት የዚያ ትውልድ ዋና ሰው ናቸው። መምህርን ላይብረሪያን የማድረጉ ሐሳብ ለትምህርት ቤቶች የተመቸ ነበር፤ ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ሰው ያገናኛልና።

እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከኢትዮጵያ አልፎ እንግሊዝኛ ለሚጠቀሙ የአፍሪካ አገሮች ሁለተኛ ዲግሪ እንዲሰጥ የታሰበ ነበር። ጅማን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ኢንፎርሜሽን ሳይንስን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራሉ። ትምህርቱ ግን እያደር ወደ መረጃ ሥርዓትና ወደ ኮምፒውተር አዘነበለ። ዳታቤዝ መገንባት የተማረ ወጣት ባንክ ወይም ቴሌ እያለ የወረዳ ትምህርት ቤት አይመርጥም፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባም። ውጤቱ ግን አገሪቱ የኢንፎርሜሽን ባለሙያ ስታፈራ የልጆች ላይብረሪያን የሚያወጣ በር ጠበበባት።

ክፍተቱን በከፊል የሞሉት ድርጅቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ኮድ ኢትዮጵያ በገጠር ከተሞች የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን ሲያደራጅ አሠራሩ በስምምነት ነበር፤ የአካባቢው መስተዳድር ቤቱንና የሠራተኛውን ደመወዝ ይችላል፤ ድርጅቱ መጽሐፍና ሥልጠና ያቀርባል። ደመወዙ ከመንግሥት መሆኑ ለሥልጠናው ዕድሜ ሰጥቶታል፤ የድርጅት ፕሮጀክት ሲያልቅ ሠራተኛው አብሮ አይበተንም።

ሌላው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የጀመሩት ሥራ ነው። በስደት አሜሪካ ገብተው፣ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምረው፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው ወደ አገራቸው መለሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ፤ በሐዋሳ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። ድርጅታቸው ኢትዮጵያ ሪድስ በትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት ሠራተኞቹንም ያሠለጥን ነበር። ከሥልጠናው የሚጠቀሰው ቁም ነገር ከካታሎግ በፊት ተረት ማንበብን ማስቀደሙ ነው፤ ልጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሚሰማበትን ሰዓት የሥራው እምብርት ያደርገዋል። የንብረት ዝርዝር ፈርሞ ለተቀመጠ ሰው ይህ ትልቅ የአስተሳሰብ ለውጥ ነው።

ሥልጠናው ወደ ሸርቆሌ ሲደርስ ይዘቱም እንደ አካባቢው መሆን አለበት። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው፤ በርታ፣ ጉሙዝና ሽናሻ በአንደኛ ደረጃ የትምህርት ቋንቋዎች ሆነዋል። ትልልቆቹ አገራዊ የንባብ ዘመቻዎች ግን እነዚህን ቋንቋዎች ዘለዋቸዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድና በገጠር የንባብ ቤቶች ሲከፈቱ ሦስቱም ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ከዓመታት በኋላ በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ገንዘብ የተካሄደው የንባብ ፕሮግራም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ መጻሕፍት ሲያዘጋጅ አሁንም ቦታ አላገኙም። ከዚህ ፕሮግራም በፊት እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረገው የንባብ ምዘና፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝንም ያካተተው፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር።

ስለዚህ የሸርቆሌ ላይብረሪያን ከመደርደሩ በፊት ማሰባሰብ ይጠበቅበታል። በበርታ የታተመ የልጆች መጽሐፍ በገበያ እንደ አማርኛው አይገኝም፤ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ካሳተመው ውጭ ያለውን ማፈላለግ፣ ሽማግሌዎች የሚናገሩትን ተረት ከተማሪዎች ጋር ጽፎ መጠረዝ የሥራው አካል ነው። ይህን የሚያስተምር የሥልጠና ማኑዋል ከአዲስ አበባ አይመጣም።

የድርደራው ነገር ደግሞ ለብቻው ትምህርት ነው። አብዛኛው ሥልጠና የሚያስተምረው የዲዊ አሥርዮሽ አመዳደብን ነው። በዚህ አመዳደብ አማርኛ 492.87 ላይ ሲቀመጥ፣ በርታና ጉሙዝ ናይሎ ሳሃራዊ ተብለው 496.5 ሥር፣ ኦሞአዊው ሽናሻ ደግሞ 493.5 ሥር ይወድቃሉ። አንድ ግቢ ውስጥ አብረው የሚማሩ ልጆች የሚያነቧቸው መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሲደርሱ ይበታተናሉ። በሃይማኖት ክፍል ያለው መዛባት ከዚህም ይብሳል። ዲዊ ከ220 እስከ 289 ያለውን ሰፊ ቦታ ለመጽሐፍ ቅዱስና ለክርስትና ሰጥቶ እስልምናን 297 ላይ አጭቆታል። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ 45 በመቶ ያህሉ ሙስሊም ነበር። የሠለጠነ ባለሙያ ቁጥሩን በአካባቢው ልክ ማስተካከል ይችላል፤ ያልሠለጠነው ማኑዋሉን እንዳለ ይከተላል፤ ወይም ሁሉን ትቶ በቀለምና በቁመት ይደረድራል። የመጨረሻው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንደኛ ክፍል ልጆች መጥፎ አይደለም።

የስምም ጣጣ አለ። ከውጭ የተወሰደ የካታሎግ ትምህርት የደራሲን ስም ከመጨረሻው ጀምረህ መዝግብ ይላል። በኢትዮጵያ ልማድ ፀጋዬ ገብረ መድኅን የሚፈለገው በ«ፀ» ሥር ነው፤ «ገብረ መድኅን፣ ፀጋዬ» ብሎ የመዘገበ ላይብረሪያን ደራሲውን ከአንባቢው ደብቆታል። ዓለም አቀፍ ደንቦችም የኢትዮጵያን ስም እንዳለ እንዲመዘገብ ይፈቅዳሉ፤ ይህን የሚያውቀው ግን የተማረው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፀና ጸ፣ ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ አሉ። «ኃይለ» ወይም «ሀይለ» ተብሎ የተጻፈን ስም አንድ ቦታ ለማሰባሰብ አስቀድሞ ደንብ መቁረጥ ያስፈልጋል። በሸርቆሌ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው አማርኛ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈው በርታና ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበው ዐረብኛ በአንድ መደርደሪያ ሊገናኙ ይችላሉ። የዐረብኛ መጽሐፍ ጀርባው በሌላ በኩል ነው፤ የመለያ ወረቀት ሲለጠፍበት የማያነበው ሰው የፊት ሽፋኑን የኋላ አድርጎ ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለው ነገር በንግግር ሳይሆን መጽሐፍ በእጅ ተይዞ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠለጠን ነው።

ሥልጠና ማግኘት ግን የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ፣ እስካሁን በቂ ትኩረት ያላገኘው፣ የሠለጠነው ሰው ምን ያገኛል የሚለው ነው። መምህር በዚህ ረገድ መሰላል አለው። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ በመለስተኛ፣ በመምህርነት፣ በከፍተኛ መምህርነት አልፎ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ያድጋል። በየዓመቱ 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ በመምህራን ቋንቋ ተሙማ፣ እንዲሠራ ይጠበቅበታል፤ ዕቅዱን ያወጣል፣ ፖርትፎሊዮ ያደራጃል፣ ሱፐርቫይዘር ያይለታል። ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከል ተቧድነው ልምድ ይለዋወጣሉ። ላይብረሪያኑ በአንድ ግቢ እየዋለ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ከአስተዳደር ሠራተኞች ወገን ስለሚመደብ ደረጃውን የሚወስነው የሲቪል ሰርቪሱ የሥራ ምዘና እንጂ የመምህራን መሰላል አይደለም፤ ተሙማም አይመለከተውም። በአንጻሩ የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መመሪያ ላይብረሪያኑን በትምህርትም በዝግጅትም ከክፍል መምህር ጋር ያስተካክለዋል።

የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽንም አይረዳውም። ምዘናው ግብአትን፣ ሂደትንና ውጤትን በ26 ስታንዳርዶች ይለካል፤ ቤተ መጻሕፍት በግብአት ወገን ነው የሚገባው። ክፍሉ መኖሩና መጽሐፉ መቆጠሩ ይታያል፤ ስንት ልጅ ምን አንብቦ እንደወጣ ለማየት የሚያስገድድ ነገር የለም። ርእሰ መምህሩ የሚመዘንበትን ነገር ያሟላል፤ ባለሙያ ማሠልጠን ከዚያ ውስጥ የለም።

ከዚህ አንጻር ለሸርቆሌ የሚቀርበው መንገድ አዲስ ተቋም መገንባት ሳይሆን ላይብረሪያኑን በተሙማ ውስጥ ማስገባት ነው። የጉድኝት ማዕከሉ አለ፤ ሱፐርቫይዘሩ አለ፤ 60ው ሰዓትም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው አሶሳ ዩኒቨርሲቲና የአሶሳ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለክረምት ሥልጠና ከአዲስ አበባ ይልቅ ቅርብ ናቸው። መምህራን ክረምቱን በኮሌጅ ማሳለፍ የቆየ ልማዳቸው ስለሆነ ላይብረሪያኑን በዚያው ወቅት መቀበል ብዙ አዲስ ነገር አይጠይቅም። ብሔራዊው ተቋም፣ በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 179 የተደራጀውና ዛሬ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የሚባለው፣ ለክልል ባለሙያዎች ሥልጠና ይሰጣል፤ ጥቂቶችን ወደ ራሱ ከሚጠራ አሠልጣኝ ወደ አሶሳ ቢልክ በአንድ ጉዞ ብዙ ሰው ያገኛል።

አስቸጋሪው የአለቃ ብዛት ነው። የትምህርት ቤቱ ላይብረሪያን ለትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በአብዛኛው ለባህል መሥሪያ ቤት፣ በመጠለያው ውስጥ ያለው ደግሞ ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ወይም ለአጋር ድርጅት ተጠሪ ነው። የሚያገለግሉት ልጅ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። አንዱ መሥሪያ ቤት ሥልጠና ሲያዘጋጅ ለሌሎቹ ሁለት ሁለት ወንበር ቢያስቀምጥ በጀቱን ብዙ አያናጋውም።

ከሦስቱ ደካማው የመጠለያው ሠራተኛ ነው። ስደተኛ ሠራተኞች በመጠለያዎች የሚሠሩት በደመወዝ ሳይሆን ኢንሴንቲቭ በሚሉት የማበረታቻ ክፍያ ነው፤ የሙያ መሰላልም ጡረታም የለውም። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋ እንዲስተናገዱ ደንግጓል፤ ለስደተኛ መምህራንም በጋምቤላ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በኩል በር ተከፍቷል። ለመጠለያ ቤተ መጻሕፍት ረዳቶችም ይኸው ሊደረግ ይችላል። ድንበር የለሽ ቤተ መጻሕፍት የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ቡሩንዲ ለነበሩ የኮንጎ ስደተኞች ተገጣጣሚ ቤተ መጻሕፍት ይዞ ሲገባ ከሣጥኖቹ እኩል የታሰበበት የአስተናጋጆቹ ሥልጠና ነበር።

በኢንተርኔት የሚሰጠውም ሥልጠና በዝቷል። ዋና ጽሕፈት ቤቱን አክራ ያደረገው የአፍሪካ ቤተ መጻሕፍትና ኢንፎርሜሽን ማኅበራትና ተቋማት ኅብረት ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መሪዎች ኮርሶችን ያዘጋጃል፤ ላይብረሪያኖችን የውክፔዲያ አዘጋጅ የሚያደርግ ሥልጠናም ሰጥቷል። ለአሶሳ ይህ ይጠቅማል፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ግን በቀጥታ የሚተላለፍ ትምህርት መከታተል ያዳግታል። ትምህርቱን አሶሳ ላይ አውርዶ በፍላሽ ማድረስ ይቻላል። ኮርሶቹ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ መሆናቸው ግን በፍላሽ አይፈታም፤ የሚተረጉምና የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋል።

የሰርቲፊኬቱም ዋጋ ያጠያይቃል። ከኅብረቱ ወይም ከድርጅት የተሰጠ ወረቀት ለሲቪል ሰርቪሱ የደረጃ ዕድገት ወይም ለመጠለያው ሠራተኛ ክፍያ በራሱ ለውጥ አያመጣም። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ ሰው የትም ተማረ የት ችሎታው ተመዝኖ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ የሚያገኝበት አሠራር አለ። የቤተ መጻሕፍት ሥራም በዚያው መንገድ ቢመዘን አሶሳ ላይ በክረምት የተማረ፣ ከጉድኝቱ ባልደረባ የለመደና በመጠለያ ውስጥ ለዓመታት ያስነበበ ሰው በአንድ መለኪያ ይታያል። የመጠለያው ሠራተኛ ወደ ብሉ ናይል ሲመለስም በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ይኖረዋል።