የውሻ ምግብ በፌስታል ተሰፍሮ ሲሸጥ

መናኸሪያና አካባቢው ላላችሁ፣ ውሻና ድመት ለምታሳድጉ ሁሉ፦ ከውጭ የገባ ደረቅ ምግብ ከተከፈተ ከረጢት እየተመዘነ በፌስታል ሲሸጥ ካያችሁ፣ እባካችሁ አትግዙ። ሙሉው ከረጢት ዋጋው እንደማይቀመስ አውቃለሁ። ግን በፌስታል ስትገዙ ባች ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ ሱቅ ይቀራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ስፖርትሚክስ የተባለ የውሻ ምግብ በአፍላቶክሲን ተበክሎ ተገኘ፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 በላይ ውሾች መሞታቸው ሪፖርት ተደረገ። ምግቡ ከገበያ ሲሰበሰብ ለባለቤቶች የተነገራቸው ከረጢቱ ላይ የታተመውን ቀንና ቁጥር እንዲያመሳክሩ ነው። በፌስታል የገዛ ሰው ምኑን ያመሳክራል?

አፍላቶክሲን እኛም ቤት አለ። እንደ በቆሎና ለውዝ ባሉ እህሎች ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ላሞች በሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ላይ በብዛት ተገኝቶ፣ ወተታቸው ውስጥም ታይቷል። መቀቀል አያጠፋውም፤ ሻጋታው ለዓይን ሳይታይም መርዙ ሊኖር ይችላል። ደህና ሆኖ የገባ ምግብ እንኳ አፉ ተከፍቶ እርጥበት ያለበት ቦታ ከከረመ ይሻግታል።

«የታወቀ ብራንድ ነው» ማለትም ብቻውን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜኑ ፉድስ የተባለው የካናዳ ድርጅት በበርካታ ብራንዶች ስም ያመረተውን ምግብ ከገበያ ሰበሰበ። ከቻይና የመጣው የስንዴ ግሉተን ሜላሚን ተጨምሮበት ነበር። ሜላሚን ናይትሮጅን ስለሚበዛው፣ የተለመደው ምርመራ ፕሮቲን አድርጎ ይቆጥረዋል። የውሾቹና የድመቶቹ ኩላሊት ግን ተጎዳ። በዓመቱ ይኸው ኬሚካል ቻይና ውስጥ በሕፃናት ወተት ተገኝቶ ስድስት ሕፃናት ሞቱ። የእንስሳቱ ሞት ቀድሞ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነበር ባይ ነኝ።

ለውሻ ማኘኪያ የሚሰጡትን ነገሮች ደግሞ ልጆች ሲነኩ እጃቸውን በሳሙና አስታጥቧቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ለውሻ ከሚሰጥ የደረቀ የአሳማ ጆሮ ጋር በተያያዘ ከ150 በላይ ሰዎች በሳልሞኔላ ታመዋል።

ይህን ፈርታችሁ ወደ ጥሬ ሥጋ እንዳትዞሩ። በተለይ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አይሰጥም፤ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሰው ይይዛል። ከሥጋ ቤት የምታመጡትን በደንብ ቀቅላችሁ ስጡ።

ውሻችሁ ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ዓይኑ ወይም ድዱ ቢጫ ከሆነ ምግቡን ወዲያው አቁሙና የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት። የተረፈውን ምግብ ከነከረጢቱ ይዛችሁ ሂዱ።